የእማሆይ ውሃና የነቃው ከሰል

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዱርቤቴ

ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ጋቢዬን ደርቤ፣ በትሬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። ሰማዩ ገና አመድማ ነው። ሚኒባሱ ሞተሩን እያሞቀ ቆሟል፤ ረዳቱ «የቀረን አንድ ሰው ነው» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ። ውስጥ ያለችው ግን ጎመን በዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ተያይተን ሳቅን። መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች።

የምሄደው እህቴን ላመጣ ነው። እህቴ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በጣና ዳር ባለ አንድ የሴቶች ገዳም የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ቆብ ከደፉ ወዲህ ግን አንቺ ብያቸው አላውቅም። ወንድማችን ካረፈ በኋላ ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለታችን ነን።

እማሆይ ኩላሊታቸውን ታመዋል። ባሕር ዳር ያየቻቸው ሐኪም ካዘዘችው ሁሉ አጥብቃ የነገረቻቸው ውሃ አብዝተው እንዲጠጡ ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ገዳሙ የሚጠጣው ከሐይቁ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረም ዳሩን ሞልቶ መበስበስ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ሻይ መስሏል፤ ሽታውም አፍ አያስጠጋም። እማሆይ ዋንጫውን ወደ አፋቸው አቅርበው ሳይጠጡ መልሰው ያስቀምጡታል። የታሸገ ውሃ ብንልክላቸው «ማኅበሩ የማይጠጣውን እኔ ለብቻዬ አልጠጣም» ብለው ለደካሞች አከፋፈሉት።

የወንድሜ ልጅ ሐረገወይን ባሕር ዳር የውሃ ማጣሪያ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። ባለፈው ወር ለገዳሙ አንድ የማጣሪያ በርሜል አስገባች፤ ሆዱ ውስጥ የነቃ ከሰል የሚሉት አለበት። ደስ ብሎን ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን ውሃው እንደ ወትሮው ነው የሚል መልእክት ላኩብን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና፣ «ከአንተ ሌላ የማንንም አይሰሙም፣ ሂድና አምጣቸው» አሉኝ። እማሆይን በስልክ ሳነጋግራቸው፣ «አያ፣ አንተ ራስህ መጥተህ እየው። ካየኸው በኋላም ውሃው ካልሆነ አብሬህ እመጣለሁ» አሉ። እሺ ማለታቸው አስደነገጠኝ። ሞቼም ከዚህ አልወጣም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ደስ አላለኝም ብል ግን እዋሻለሁ። በእርጅናዬ እህቴን ከጎኔ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

ረቡዕ፣ ረፋድ፣ በመንገድ ላይ

ከዱርቤቴ ወደ መራዊ ያለው መንገድ በግራም በቀኝም በቆሎና ባሕር ዛፍ ነው። የመንገዱ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉ በሣር ተወትፎ ተደርድሯል። ዓይኔ ሳልፈልግ እዚያ ላይ ይሄዳል። ከእርሻ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ከሰል ሳከስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ማዳበሪያውን አይቼ ያክሳዩን ጠባይ እናገራለሁ። ይህ ቸኩሎ የከፈተው ነው፤ ግማሹ ዱቄት ሆኗል። ያኛው ታጋሽ ነው፤ ከሰሉ ሲነካ እንደ ሸክላ ይጮኻል።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። የሴትዮዋ ጎመን ሳይቀር ተገላበጠ።

«ጎመኔ ምን አጠፋ ብለህ ነው?» አለች ፈታሹን።

«እርጥብ ነው፣ እናቴ። ዛሬ የተቀነጠሰ ነው?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ፍተሻ ሸመታ የሆነው?»

እሱም ሳቀ፤ አሳለፈን። ጎመኑን ግን ዓይኑ ተከትሎት ቀረ።

ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ዘንባባው ሥር ያለው ጥላ በሰው ተይዟል፤ ባጃጁ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። አንዱ አጠገቤ ቆመና «ፋዘር፣ የት ላድርስዎት?» አለኝ። የሩዝ መፈልፈያው ጀርባ አልሁት። ሒሳቡን ስንከራከር በትሬን እያየ ቀነሰልኝ፤ ለበትሬ ይሁን ለሽበቴ አላወቅሁም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር

የሐረገወይን መሥሪያ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነው። ደጁ ላይ ከይፋግ በኩል በአይሱዙ የመጣ የሩዝ ልጣጭ እንደ ክምር ቆሟል። ውስጡ ወንፊት፣ የብረት ጋን፣ ጥቁር ውሃ የያዘ ገንዳ። ልጅቱ ነጭ ካፖርት ለብሳለች፤ እጅጌዋ ግን እንደ እኔ እጅጌ ጠቁሯል። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋን ይዤ ከለከልኋት።

ቀኑ ጾም ስለሆነ አምሽታ ሽሮ አስመጣችልኝ። ከዚያ በፊት ግን ሥራዋን አሳየችኝ፤ እኔም ጊዜ ነበረኝ።

አንድ ቁራጭ ከሰል አንሥታ ሰበረችው። «አጎቴ፣ ይህ እርስዎ የሚያከስሉት ዓይነት ነው። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ግን በቅጥራን ተደፍኗል። እኛ ሰባብረን አየር በማያስገባ ብረት ውስጥ እንከተውና ፍም እስኪመስል እናግለዋለን። ከዚያ እንፋሎት እንለቅበታለን። እንፋሎቱ ቅጥራኑን ጠርጎ ያወጣዋል፤ የከሰሉንም ገላ ከውስጥ እየበላ አዳዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ነቃ የምንለው ያን ጊዜ ነው።»

«ከሰሉ አይነድም?»

«አየር ካገኘ አመድ ይሆናል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

ሌላም መንገድ አለ አለችኝ። እንጨቱ ወይም ልጣጩ ከመክሰሉ በፊት በአሲድ ተነክሮ ይከሰላል፤ እሳቱም ያን ያህል መጋል አያስፈልገውም። አሲዱን አጥቦ ለመጨረስ ግን ብዙ ውሃ ይፈጃል። «ለመጠጥ ውሃ ስለሆነ እኔ እንፋሎቱን መረጥኩ» አለች።

ከዚያ ውስጡ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት። ወረቀት አምጥታ ጨመደደች፤ ሌላም ጨመደደች፤ ብዙውን አንድ ላይ በፌስታል ጠቀጠቀችው። «እንደዚህ ነው። ስስ ስስ ገጾች ናቸው፤ ተዘበራርቀው የተጠቀጠቁ። በመካከላቸው ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለ። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ሽታውና ቀለሙ ገጹ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል።»

«እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል በይኝ።»

«አይደለም። ጭጎጎት ጋቢ ላይ እንደሚለጠፍ ነው። ጋቢው ሰፊ ሲሆን ብዙ ጭጎጎት ይይዛል። የዚህ ከሰል ጋቢ ደግሞ ሰፊ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ወስደው የውስጡን ገጽ ሁሉ ቢዘረጉት ቢያንስ አንድ ጥማድ መሬት ያለብሳል።»

ማንኪያውን አየሁት። በሬ ጠምጄ አንድ ጥማድ ለማረስ ከጠዋት እስከ ማታ የለፋሁበት ዘመን ትዝ አለኝ። «እንዲህ ያለ መሬት አባቴ ቢያወርሰኝ በኪሴ ይዤው እዞር ነበር» አልኋት።

«ግብሩን ግን አይችሉትም» አለች፤ እስክታስነጥስ ሳቀች።

ብዙ አገር ለብዙ ነገር ይሠራበታል አለች። ስኳር ፋብሪካ ሽሮፑን የሚያነጣው በዚህ ነው። ሆስፒታል መርዝ የጠጣ ሰው ሲመጣ፣ ቶሎ ከደረሰ፣ በውሃ በጥብጠው ያጠጡታል፤ መርዙ ደም ውስጥ ሳይገባ ከሰሉ ላይ ይለጠፍና አብሮ ይወጣል። ለመርዝ ሁሉ ግን አይሆንም። በመርዝ ጋዝ መካከል የሚሠሩ ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚያጠልቁት ጭምብል ውስጥ አለ። ወርቅ የሚያጥቡ ኩባንያዎች ወርቁን ከፈሳሹ የሚለቅሙበት ይህ ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ወንዝ ሳይገባ ቀለሙን የሚያስቀርም እሱ ነው። «ጀርም ግን አይገድልም» አለች ጣቷን እያወዛወዘች። «ጨውንም አይዝም። ስለዚህ ከተጣራ በኋላ ይፈላል። ይህን ለእማሆይ አጥብቀው ይንገሩልኝ።»

በመጨረሻ የሻዩን ነገር አሳየችኝ። የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጣ፣ አንገቱን በጨርቅ ወትፋ፣ የነቃ ከሰል ሞላችበት። የቀዘቀዘ ሻይ ቀስ ብላ አፈሰሰችበት። ከታች የወረደው ውሃ ነው። ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት፤ ብርሃኑ አልፎ መዳፌ ላይ አረፈ።

«ሻዩ ውሃ ሆኖ ከወረደ ከሰሉ ሕያው ነው። ሻይ ሻይ ሆኖ ከወረደ ጠግቧል» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አጎቴ፣ የገዳሙ ከሰል ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም። ከዚያው ክምር የወሰደ ጤና ጣቢያ አለ፤ ውሃቸው ጥሩ ነው። አብሬዎት እንዳልመጣ ምድጃችን ተበላሽቶ ሠራተኛ እየጠበቅን ነው። አዲስ ከሰልም በእጃችን የለም።»

ከጤና ጣቢያው የተረፈ ትንሽ ነገር በጣሳ አሽጋ ሰጠችኝ፤ ማመሳከሪያ እንዲሆነኝ። «ከቤንዚን አጠገብ እንዳያስቀምጡት። ከሰሉ ሆዳም ነው፤ ክዳኑ ከተከፈተ ያገኘውን ሽታ ይይዛል።»

ሐሙስ፣ ጠዋት፣ በጀልባ

ሐይቁ ዛሬ ዝም ብሏል። ጀልባዋ ስድስት ሰው፣ ሁለት ኩንታል እህልና አንዲት ፍየል ጭናለች። ባለ ጀልባው ያረጋል ይባላል፤ ባርኔጣው ከሱ ይበልጣል። ጣሳዬን ከቤንዚኑ ጀሪካን ሳርቅ ሳርቅ አየኝ።

«አባቴ፣ ምን ይዘው ነው እንደ ታቦት የሚጠነቀቁለት?»

«ከሰል ነው።»

«ከሰል ወደ ገዳም? እነሱ እኮ ጫካ ውስጥ ነው የሚኖሩት።»

«ይህ የሚነድ አይደለም። ሽታ የሚይዝ ነው።»

ያረጋል ወደ ፍየሏ ባለቤት ዞረ። «ሰውዬ፣ ፍየልህን ወደ አባቴ አስጠጋልን።»

ደንገሉ ዳር ዳር አንዲት ታንኳ እንጨት ተሸክማ ቀስ ትላለች፤ ቀዛፊው ተንበርክኳል። ይብራ የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች ደሴት ዳር ነጭ ሆነው ተኮልኩለዋል። ወደ ገዳሙ ዳርቻ ስንቃረብ ውሃው ጠፋ። አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ። ላየው ያምራል። ያረጋል ሞተሩን አጥፍቶ በዘንግ እየገፋ አስገባን፤ በተገፋ ቁጥር ከሥሩ ሽታው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደም።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገዳሙ

ከወደቡ እስከ ግቢው በቡና ዛፍ ጥላ ሥር የድንጋይ መንገድ አለ። እማሆይ ግማሽ መንገድ ድረስ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቢጫ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

«አያ፣ ጎበጥህ» አሉኝ።

«እርስዎም ከስተዋል።»

«እኔስ መነኩሴ ነኝ። አንተን ምን ነካህ?»

ማጣሪያው ከማዕድ ቤቱ ጎን ነው፤ የፕላስቲክ በርሜል በቧንቧ። ከላይ አሸዋ፣ ከመካከል ከሰሉ፣ ከሥር ጠጠር። ቧንቧውን ከፍቼ በመዳፌ ቀመስሁ። አሸዋው ጭቃውን አስቀርቶታል፤ ቀለሙና ሽታው ግን እንዳለ ነው። እመ ምኔቷና ሌሎች እናቶች ዙሪያዬን ቆመዋል። ከሰሉን ከመካከል ዘግኜ በጠርሙስ ሞላሁ፤ ባመጣሁት ጣሳ ያለውንም በሌላ ጠርሙስ። ሻይ አስፈልቼ፣ አቀዝቅዤ በሁለቱም ላይ አፈሰስሁ። በአንዱ ውሃ ወረደ። ከገዳሙ ከሰል ሥር የወረደው ሻይ ነው።

እማሆይ ሁለቱን ብርጭቆ አነሡ፣ አስተያዩ፣ መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲህ እመጣለሁ ብዬሃለሁ» አሉና ወደ ጎጆአቸው ገቡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ዳዊታቸውን፣ መቋሚያቸውንና ቅያሪ ነጠላቸውን አንድ ጨርቅ ላይ እያኖሩ ነው። ሌላ የሚያኖሩት አልነበራቸውም። ያሰብሁት እንዲህ አልነበረም። ይዣቸው ስሄድ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት እናት ከማዕድ ቤት ወጥተው የወይራ ፍም መሬት ላይ አደረጉ፤ ባዶ እንስራ አምጥተው በላዩ ደፉበት። ጭሱ በአፉ ዙሪያ ሾለከ። እኛም ቤት ይህ አለ፤ ሳይታጠን ውሃም ጠላም አይሞላበትም። ዝም ብዬ እያየሁ ነበር። ድንገት አንድ ነገር መጣብኝ።

«እናቴ፣ ይህን በርሜል ሲያቆሙት አጥነውታል?»

«በርሜሉን አላጠንነውም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል» አሉ።

ግምቴን ተውሁት። እማሆይ ከጎጆአቸው ሆነው ሰምተዋል። «ከሰሉን ነው ያጠንነው» አሉ ብቅ ብለው። «ሰፌድ ላይ አስጥተን፣ ከሥሩ ወይራ አጭሰን፣ ሳምንት ሙሉ። እኔ ነኝ ያገላበጥሁት። ለመጠጥ የሚገባ ነገር እንዲያው ሳይታጠን ይገባል?»

«መጀመሪያ ውሃው ምን ምን ይል ነበር?»

«ወይራ ወይራ። ደስ ይል ነበር። ኋላ ግን ሐይቁን ሐይቁን አለ።»

ስልክ ወደሚይዘው ጉብታ ወጣሁ። የልጅቱን ቁጥር አውጥቼ ሳልደውል ቆየሁ። ሐይቁ ከታች ወርቅ መስሏል። ባልደውል ነገ በጀልባ አብረን እንወርዳለን፤ ጎጆ እሠራላቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ስለ እናታችን እናወራለን። ይህን ሁሉ አሰብሁ። ጨርቁ ላይ ያኖሩት ዳዊትም በዓይኔ መጣ። ደወልሁ።

ሐረገወይን ነገሩን ስነግራት «ወይ ጉዴ» አለች። «አጎቴ፣ ቤንዚን አታስጠጉ፣ ቀለም አታስጠጉ ብያለሁ፤ ወይራ ግን በሐሳቤም አልመጣም። ጭስ እኮ ቅጥራን ነው። ቀዳዳው ሁሉ ውሃ ሳያይ ሞልቷል። ጠግቦ ነው የገባው።»

«ስለዚህ አይሆንም?»

«ይሆናል። የበላውን በእሳት ማስወጣት ይቻላል። እርጥብ እንደሆነ በብረት በርሜል ይክተቱት፤ ለእንፋሎት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተዉ። ሲግል የራሱ እርጥበት እንፋሎት ይሆንና ይጠርገዋል። የእኔን ምድጃ ያህል ባይሆንም ይነቃል። እሳቱን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል።»

እመ ምኔቷን ፈቃድ ጠየቅሁ። «ከጫካው የቆመ አይቆረጥም፤ የወደቀ ይነሣ» አሉ። «ነገ ዓርብ ነው። ፀሐይ ሳትገባ እሳቱ ይጥፋ፤ ሰንበት ይገባል።»

ዓርብ

ጠዋት ከጸሎት በኋላ አሮጌ የብረት በርሜል ሰጡኝ፤ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበት የነበረ ነው። ከሰሉን ከማጣሪያው አውጥተን እርጥቡን ሞላንበት። ክዳኑን በጭቃ ለስኜ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተውሁ። በርሜሉን በድንጋይ ላይ አጋድመን ከሥሩ አነደድን። እናቶች የወደቀ እንጨት በየተራ ይሸከማሉ፤ እኔ በረጅም እንጨት በርሜሉን ትንሽ ትንሽ አንከባልላለሁ፣ እሳቱ ሁሉንም ጎኑን እንዲያገኘው።

ከሰል የሚያከስል ሰው ሥራው ጭስ ማየት ነው። መጀመሪያ ከቀዳዳዋ የወጣው ነጭ ነው፤ ውሃው። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ ከበደ፤ ግቢው በሙሉ ወይራ ወይራ ሸተተ። እናቶች ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

«ያጠንነውን ነው መልሶ የሚሰጠን?» አሉ እንስራ ሲያጥኑ የነበሩት እናት።

«እኔ ሳምንት ሙሉ ያገላበጥሁት ነው» አሉ እማሆይ። ፈገግ አሉ፤ ከመጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያ ፈገግታቸው ነው። «አያ፣ ምነው ያን ጊዜ በነገርኸን።»

«ማን ነግሮኝ፣ እማሆይ? እኔስ ብሆን አጥነው ነበር።»

ከወይራው ቀጥሎ የመጣው ሽታ የሐይቁ ነበር፤ ፊታችንን አዞርን። ከዚያ ጭሱ ቀጠነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ በመጨረሻ ከቀዳዳዋ በላይ አየሩ ብቻ ይርገበገብ ጀመር። በርሜሉ ሆዱ ቀላ። ትንሽ ታገሥሁ። ቀዳዳዋን በጭቃ ደፈንሁ፤ ፍሙን በአፈር አዳፈንነው። ፀሐይዋ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ያን ጊዜ ጾማችንን ፈታን፤ የኑግ ወጥና በሶ። ጥቁር እጄን አይተው ሳቁብኝ።

ቅዳሜና እሑድ

ሁለት ሰንበት ነው፤ በርሜሉን ማንም አይነካውም። ይህ ለከሰሉም ትክክል ነው። በትኩሱ የከፈቱት ከሰል አየር ሲያገኝ ዓይንህ እያየ አመድ ይሆናል። ስንት አክሳይ በችኮላ የወር ድካሙን አጥቷል። እዚህ ግን የሚያስቸኩል ሰው የለም። ሕጉ ራሱ ይጠብቅልኛል።

ከቅዳሴ በኋላ ከእማሆይ ጋር የቡናው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ አገር ቤት ጠየቁኝ፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ያ የኮሶ ዛፍ አለ ወይ። አለ አልኋቸው።

«ብመጣ የት ልታስቀምጠኝ ነው?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጎጆ እሠራለሁ። ደወሉ ይሰማል።»

«ደግ ነው» አሉ። መዳፋቸው ደረቅ ነው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። «እመጣለሁ ያልሁት ከልቤ ነው፣ አያ። ቃሌን አላጥፍም። ግን ውሃው ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህን ብነግርህ አትቀየመኝ።»

«ለምን እቀየማለሁ?»

«ደስ ብሎህ እንደመጣህ አይቻለሁ።»

ከላይ ዝንጀሮ ቡና ፍሬ እየለቀመ ቅርፊቱን ይጥልብናል። ሁለታችንም ቀና ብለን እሱን አየን።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በርሜሉን በመዳፌ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጭቃውን ፈልፍዬ ክዳኑን አነሣሁ። አፍንጫዬን አስገባሁ። ወይራ የለም፣ ሐይቅ የለም፣ ምንም የለም። ከላይ ጥቂቱ አመድ ሆኗል፤ የቀረው ደብዛዛ ጥቁር ነው፤ ሲያነሡት ቀሏል።

በወንፊት ነፋነው፤ በውሃ አጠብነው። መጀመሪያ የወረደው ቀለም የሚመስል ጥቁር ነው፤ ቀጥሎ ግራጫ፤ ደጋግመን ጥቁሩ እስኪያልቅ አጠብን። ጠጠሩን፣ ከሰሉን፣ አሸዋውን በየተራው መልሰን ሞላን። ሻይ በጠርሙስ ሞከርሁ፤ ቀለሙ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ወረደ። የልጅቱን ያህል አልጠራም፤ ግን ጠርቷል። ከዚያ የጉድጓዱን ውሃ በበርሜሉ አፈሰስንና ቧንቧውን በጠብታ ከፈትን። ከሰሉ ጊዜ እንዲያገኝ ውሃው መቸኮል የለበትም ብላኛለች።

የወረደውን አፈላን፤ አቀዘቀዝን። እመ ምኔቷ በመጀመሪያ ቀመሱ። ቀጥሎ ዋንጫውን ለእማሆይ ሰጡ።

እማሆይ አማተቡ። ወደ አፋቸው አቀረቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሽታውን ሲጠብቁ የለመዱት ነው። ሽታው ሳይመጣ ሲቀር ዓይናቸውን ገለጡ። ጠጡ። አላቋረጡም፤ ጉሮሯቸው ሲወጣ ሲወርድ አያለሁ። ዋንጫውን አውርደው አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ምን ይላል?» አሏቸው እናቶች።

«ምንም አይልም» አሉ። ዋንጫውን ለቀጂዋ መልሰው ዘረጉ። «ድገሙኝ።»

የማውቀውን ነገርኋቸው። ከሰሉ አይታጠንም። ሁልጊዜ ከተጣራ በኋላ ይፈላል። አንዳንዴ በሻይ ይሞከራል፤ ሻይ ሆኖ ሲወርድ ለሐረገወይን ይደወላል። «እንስራውንስ?» አሉ አንዷ። እንስራውን እንደ ልባችሁ አልኋቸው።

እማሆይ ጎጆአቸው ገብተው ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነው። እኔም ስለ ጉዞ አላነሣሁም። እስከ ወደቡ ሸኙኝ፤ ዛሬ መንገድ ላይ አልተቀመጡም። ጀልባዋ ውስጥ ስገባ «አያ፣ ለገዳማችን በዓል ና» አሉኝ።

«እመጣለሁ።»

ያረጋል በዘንግ እየገፋ ከአረሙ አወጣን። ከጥቂት በኋላ ዞሬ ሳይ ቢጫው ቀሚስ ገና ቆሟል፤ ከዚያ ቡናው ሸፈነው። «አባቴ፣ ከእህቴ ጋር እመለሳለሁ ብለውኝ ሁለት ሰው ነበር የምጠብቀው» አለኝ። የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ ተቀበለኝ።

ባሕር ዳር ለሐረገወይን ነገርኋት። ነጭ ካፖርቷን አውልቃ አፏን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ከዚያ ከሰሉ አጠገብ የማይቀመጠው ሁሉ ወደተዘረዘረበት የደጁ ማስታወቂያ ሄዳ፣ ከቤንዚንና ከቀለም ሥር «ጭስ» ብላ በእስክሪብቶ ጨመረች።

ዱርቤቴ ስወርድ መሽቶ ነበር። ሚስቴ ደጅ ላይ ቆማ ከኋላዬ መንገዱን አየች፤ ማንም አልነበረም።

«እምቢ አሉ?»

«አይ» አልኋት። «ውሃ እየጠጡ ነው።»